እንዲረታኝ የከሰስኩት አጎቴ

አጎቴን ፍርድ ቤት ያቆምኩት እንዲረታኝ ብዬ ነው። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሁሉ ያበድኩ ይመስለዋል። አላበድኩም፤ ቂመኛ ነኝ። ቂመኛ መሆኔን ደግሞ ከማንም ደብቄ አላውቅም። የንስሐ አባቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ሲገሥጹኝ ሃያ ዓመት አለፋቸው። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ እያሳልኩ ስጸልይ ኖሬያለሁ።

ነገሩ ከሴት አያቴ ይጀምራል። የአባቴ እናት በወጣትነቷ ከላስታ ደጋ ወርዳ፣ ቆላው መንገድ ዳር ካለች ከተማ አንድ ጣሊያን ቤት ወጥ ቤት ገባች። ሰውየው የአገሩ ጦር ሲወጣ አብሮ ያልወጣ፣ ወፍጮ ተክሎ እዚያው የቀረ ነበር። አባቴ የተወለደው ከእሱ ነው። ጣሊያኑ ታሞ ለመታከም ወደ አገሩ ሄደና በዚያው ቀረ። እሷም ሕፃኑን አዝላ ደጋ ተመለሰች፤ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች የሚኖር አንድ ገበሬ አገባት። ገበሬው ልጁን በራሱ ስም አስጠራው። ቆይቶም ከአያቴ ሌላ ወንድ ልጅ ወለደ። እሱ ነው አጎቴ።

ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ሞፈር እየተቀባበሉ አደጉ። አባቴ ፊቱ የቀላ፣ ጠጉሩ የለዘበ ነበርና መንደሩ «ሶላቶ» ይለው ነበር። ገበሬው አጠገብ ግን ማንም ደፍሮ አይጠራውም፤ አንድ ጎረቤቱን በዚሁ ቃል ምክንያት በዱላ ሲያባርረው አይቻለሁ። አያቴ የምለው እሱን ነው፤ ሌላ ወንድ አያት እንዳለኝ እንኳ ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ልጆች ሲሰድቡኝ ነው።

ገበሬው አያቴ የሞተ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የተዝካሩ ቀን ዳስ ተጥሎ፣ የሟች ልጆች ከካህናቱ ቀጥሎ ይቀመጣሉ። አባቴ ወደዚያ ሲያመራ አጎቴ ክንዱን ይዞ፣ «አንተ ወዲህ ሁን» ብሎ ከዳሱ ጥግ ከሩቅ አገር እንግዶች ጋር አስቀመጠው። ጠላ እየቀዳሁ ነበርና አየሁት። አባቴም የሰጡትን ዋንጫ ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ልክ እንደ እንግዳ። እኔ ግን በዚያች ቀን የያዝኩትን ይዣለሁ።

በወሩ አጎቴ ከሰሰ። ሦስት ሽማግሌ አስመስክሮ፣ ራሱም በነአኩቶ ለአብ ምሎ፣ «ይህ ሰው የአባቴ የአብራክ ክፋይ አይደለም፤ የወፍጮው ጣሊያን ልጅ ነው» አለ። ፍርድ ቤቱም አባቴ የሟች ልጅ ባለመሆኑ ከመሬቱ ድርሻ የለውም ብሎ ወሰነ። እሱ ራሱ መንጥሮ፣ ድንጋይ ለቅሞ፣ እርከን የሠራለት መሬት ነው። ከዚያ ጠቅልለን ላሊበላ ከተማ ገባን፤ አባቴም ድንጋይ ጠራቢ ሆነ። ስለዚያ የችሎት ቀን አንድም ቃል ሳይነግረኝ ሞተ። ስጠይቀው መሮውን ያነሳና መጥረብ ይጀምራል።

እኔ ከትምህርት በኋላ፣ አባቴ የግድግዳቸውን ድንጋይ ከጠረበላቸው ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሃያ ዓመት የሰው ፓስፖርት ስገልጥ፣ ስምና ቁጥር መዝገብ ላይ ስገለብጥ ኖርኩ። የራሴ ፓስፖርት አልነበረኝም። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ተከትሎ ጦርነቱ መጣ፤ የእንግዳ መዝገቤ ባዶ ገጽ በባዶ ገጽ ሆነ። ደመወዝ አንድ ወር እየተከፈለ ሁለት ወር ይቀራል። እንግዳ በጠፋበት በዚያ ሰሞን ከመጡት ጥቂቶች አንዷ በሥራዋ ጠበቃ የሆነች ጣሊያናዊት ነበረች። ሥራ ፈትተን ስንጫወት ስለ ወፍጮው ሰውዬ ነገርኳት። ስሙንና የትውልድ ከተማውን ሴት አያቴ በአንድ ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ አስጽፋ አስቀምጣ ነበር።

ጠበቃዋ አገሯ ከገባች ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለችልኝ። ሰውየው ሳይሞት በፊት ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ልጅ አለኝ ብሎ፣ የልጁንና የእናቱን ስም አስመዝግቦ ኖሯል። «በአያትሽ ሐረግ ጣሊያን መግባት ትችያለሽ» አለችኝ። «ግን አንድ ነገር ይጎድላል። የአባትሽ መታወቂያ የሌላ ሰው ልጅ ነው ይላል። መዝገቡ ላይ ያለው ልጅና አባትሽ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ። ቶሎ በይ፤ ሕጉ ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ ብቻዬን ሳቅሁ። ወረቀቱማ አለ! አጎቴ በመሐላ አጽፎልኛል።

በማግስቱ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የዚያ ዘመን ፋይል በጦርነቱ ከተበታተነው ውስጥ ነው አሉኝ። «ተከራካሪዎቹ ግልባጭ ይወስዳሉ፤ የአባትሽስ?» ብሎ ጠየቀኝ ሠራተኛው። አባቴ ግልባጩን አልወሰደም። ፍርዱ እንደተነበበ ባርኔጣውን አንስቶ እንደወጣ እናቴ ነግራኛለች። እንግዲህ በዓለም ላይ የቀረው ወረቀት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አጎቴ ዘንድ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አጎቴ ሞኝ አይደለም፤ ወረቀቱን ግን በፌስታል ጠቅልሎ ከሳጥኑ ሥር እንደሚያኖረው አውቃለሁ።

ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ፣ እስከ ነአኩቶ ለአብ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ወረድኩ። ወሬው ቀድሞኛል። ከተማው ነገሬን «የዘር ቪዛ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር። አጎቴ ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፤ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፈልኝ። አባቴን ከዳስ ጥግ ያስቀመጠ ሰው ለእኔ አጎዛ ሲያነጥፍ ሳይ ምራቄ መረረኝ።

«ወረቀቱ የት ይሄዳል ልጄ፤ አለ» አለኝ። «እንዲያው አንድ ነገር ነው የምለምንሽ። ልጄን ይዘሽልኝ ሂጂ።»

«በምን አግባብ?»

«ወንድሜ ነው በያ። የአባቴ ልጅ ነው በያ። ከዚያ ማዶ ሆኖ ማን ያጣራል?»

ልጁ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ሚስትና ልጅ ያለው ገበሬ ነው። እሱን አይደለም የማማው። አጎቴን ግን ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«አጎቴ፣ አባቴ እኮ ወንድምዎ አልነበረም» አልኩት። «የእርስዎ ልጅ ከየት መጥቶ የእኔ ወንድም ሆነ?»

«ያ የሰይጣን ሥራ ነው፤ አልፏል። ያለፈን ምን ያነሱታል!»

«ያስጻፉት ግን አላለፈም። ከሳጥንዎ ሥር ነው ያለው።»

ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያማ እወቂው። ልጄን ካልወሰድሽ ወረቀት የለም። አይጥ በልቶታል እላለሁ፤ በቃ!»

ስኳሩን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ዳገቱን ስወጣ ከንዴቴ ብዛት ድካሙ አልተሰማኝም። ውሃ ለመጠጣት አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ወረቀቱን አይጥ ከበላው፣ አባቴ በመታወቂያው የገበሬው ልጅ ነው። የገበሬው ልጅ ከሆነ የመሬቱ ግማሽ የእሱ፣ ከእሱ ቀጥሎ የእኔ ነው። አጎቴ ወይ መሬቱን ይከፍላል፣ ወይ ወረቀቱን በገዛ እጁ ያመጣል። ተነስቼ ቀሚሴን አራገፍኩ። ከዚያ ቀን በፊት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እልል ለማለት አምሮኝ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤቱ በር ጃንጥላ ሥር ከሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ከአባቱ ሊወርስ የሚገባውን መሬት ተከልክያለሁ አልኩ። ጸሐፊው ቀና ብሎ የሆቴል ዩኒፎርሜን አየና፣ «አሁን አንቺ ልታርሺ ነው?» አለኝ።

«ገብስ አምሮኝ ነው» አልኩት።

መጥሪያው አጎቴን አውድማ ላይ አገኘው። ሰማይና ምድር ተደበላለቀበት አሉ። ሽማግሌ ላከብኝ፤ ሦስት። ከሦስቱ አንዱ ያኔ በአባቴ ላይ ከመሰከሩት በሕይወት የቀሩት ነበሩ። በክብር አስቀመጥኳቸው፣ እግራቸውን አጠብኩ፣ ምሳ አቀረብኩ፤ ከዚያ «አባቶቼ፣ ሕግ ይየው» ብዬ ሸኘኋቸው። እንዲህ ያለ ጣፋጭ እምቢታ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

የቀጠሮው ቀን አጎቴ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ አንድ እጁን ደረቱ ውስጥ አስገብቶ መጣ። ችሎት ገባን። ዳኛዋ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ሴት ናት። መልስ እንዲሰጥ ስትጠይቀው ከደረቱ ፌስታል አወጣ። ከፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ጨርቅ። ጨርቁን ሲፈታ አንገቴን አስግጌ አየሁ።

«ክብርት ሆይ፣ የዚች ልጅ አባት የአባቴ ልጅ አይደለም» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የጣሊያን ልጅ ነው! ድሮ የተቆረጠ ነገር ነው። ይኸው ማኅተሙ፣ ይኸው ፊርማው።»

ሶላቶ እየተባልኩ አልቅሼ ያደግኩ ሴት ነኝ። በዚያች ቀን ግን ያ ስድብ ከአጎቴ አፍ ሲወጣ እንደ ምርቃት ሰማሁት።

ዳኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና ወደ እኔ ዞረች። «የቀረበውን ማስረጃ ትቃወሚያለሽ?»

«አልቃወምም። አባቴ የጣሊያኑ ልጅ ነው፤ ሟች አባቱ አይደሉም።»

ክሱ ውድቅ ሆነ። አጎቴ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ አመሰገነ። እኔም እጄን አወጣሁና፣ «ከመዝገቡ ጋር የተያያዘው ፍርድ ትክክለኛ ግልባጭ ማኅተም ተደርጎበት ይሰጠኝ» አልኩ። ተፈቀደልኝ።

ለአጎቴ ነገሩ የገባው ኮሪደሩ ላይ ነው። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቆም አለ።

«ለዚህ ነው የከሰስሽኝ?»

«አይጥ እንዳይበላው ብዬ ነው።»

«ልጄስ?»

«ልጅዎ የአባቱ ልጅ ነው አጎቴ። አባቱን ማን ይቀማዋል? መሬቱን ይረስ።»

ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አላነሳሁትም። ግልባጬን እስክቀበል ድረስ ፊት ለፊቱ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ሊያየኝ ሲል ፈገግ እላለሁ። ይህን በማድረጌ እስከ ዛሬ አላፈርኩም።

ከሰዓት በኋላ ሆቴል ገብቼ፣ ባዶውን የእንግዳ መዝገብ ገፋ አድርጌ፣ ወረቀቱን ለአስተርጓሚ ከመላኬ በፊት ማንበብ ጀመርኩ። የእጅ ጽሑፍ ነው፤ አራት ገጽ። የአጎቴን ቃል እያጣጣምኩ አነበብኩት። የሽማግሌዎቹንም እንዲሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የማላውቀው ነገር መጣ፦

«ተከሳሽ ሲጠየቅ፣ ጣሊያን የሚባለውን ሰው አላውቀውም። እርፍ ያስጨበጠኝ፣ ፈንጣጣ ይዞኝ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ደረቱ ላይ ያስተኛኝ ሟች ነው። መሬቱን ከፈለገ ይውሰደው፤ አባቴን ግን አይውሰድብኝ ብሏል።»

ከሥሩ የአባቴ የአውራ ጣት አሻራ አለ። የጣቱ ዳር ላይ ሞፈር ሲጠርብ የቆረጠው ጠባሳ ሳይቀር በቀለሙ ውስጥ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ደጋግሜ አነበብኩት። ያን ቀን ጠዋት ዳኛዋ ፊት ምን እንዳልኩ ትዝ አለኝ፤ አጎቴ እንኳ ያን ለማለት ሦስት ምስክርና መሐላ አስፈልጎት ነበር። እኔ ማንም ሳያስገድደኝ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት።

ወረቀቱን ላክሁት። አልላክሁም ብዬ አልዋሽም። የምኖርበት ደመወዝ የለኝም፤ ደግሞም ይህን ያህል ለፍቼ ለአጎቴ ደስታ ብዬ አልቀርም። ማመልከቻው ላይ «የአባት አባት» የሚል መስመር አለ። ሃያ ዓመት የሰው ስም ስጽፍ አንድ ገጽ አበላሽቼ አላውቅም ነበር። የጣሊያኑን ስም ለመጻፍ ሁለት ቅጽ አበላሸሁ፤ በሦስተኛው ጻፍኩት።

ፈቃዱ መጥቷል። ፓስፖርት አውጥቻለሁ፤ ቁጥሩን በልማዴ መዝገቡ ላይ ልገለብጠው ስል ራሴን ያዝኩ። ከሰልባጅ ወፍራም ካፖርት ገዛሁ። የአባቴን መሮ ሻንጣዬ ውስጥ አስገብቼ አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት። አጎቴ በሰው በሰው «ይቅር ትበለኝ» ብሎ ልኮብኛል፤ አላልኩትም፤ አልልምም።

ትናንት የንስሐ አባቴን ልሰናበት ሄድኩ። መስቀሉን አሳልመውኝ፣ «አሁንስ ያን ቂም ጣልሽው ልጄ?» አሉኝ።

«አልጣልኩትም አባ። የምቀየማቸው ሰዎች አሁን ሁለት ሆነዋል።»

«ደግሞ ሌላ ማንን አመጣሽ?»

ሁለተኛዋ ማን እንደሆነች አልነገርኳቸውም።