ከመርዶ ነጋሪዎቹ የቀደምኩበት ቀን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በብሎጌ ስለ ገብስ ዓይነት፣ ስለ ምንጮች ስም፣ ስለ ድሮ ድንበር ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን እያየሁ አለፍኳት። ዛሬ ለማታውቀኝ ለአንተ ልናገራት።

ከጋፋት ወዲያ ካለችው መንደራችን በላይ አንድ ጉብታ አለ። ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ በነበረበት ጊዜ እኔና የጎረቤታችን ልጅ ስንዱ ከሰዓት በኋላ እየወጣን፣ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ኔትወርክ እንጠብቅ ነበር። ብሎግ መክፈትን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ መስታወቷ በተሰነጠቀ ስልክ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። ስንዱ የመጀመሪያ አንባቢዬ ነበረች። «የምንጩን ስም ተሳስተሃል» ስትለኝ ሽማግሌ ጠይቄ አርም ነበር። አባቷ አያ ሞላ ከታች ከማሳቸው ቀና ብለው «እኛስ ከብት ጠብቀን ወተት አገኘን፤ እናንተ ኔትወርክ ጠብቃችሁ ምን ልታልቡ ነው?» ይሉናል። ሳቃቸው እኛ ጋ ይደርስ ነበር።

ኋላ ስንዱ አግብታ አንበሳሜ ገባች፤ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጣለች። አገሯን የምታየው በእኔ ጽሑፍ ነበር። ከሥሩ «ገብሱ አሸተ ወይ?» ብላ ትጽፍልኛለች።

አንድ ክረምት፣ ንጋት ላይ ናዳ ወርዶ የመንደራችንን ግማሽ ቀበረ። ስንቆፍር አያ ሞላን አገኘናቸው። እግራቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። በዚያው ቀን ተቀበሩ።

ከቀብር መልስ አጎቴ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ስንዱን ሊያረዱ ወደ አንበሳሜ ተነሡ። በእኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። ዘመድ ቤት ይታደራል፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰብስቦ ይኬዳል፤ የሚይዟት ሰዎች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ አፍ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

«አብሮ አደጓ ነህና አብረኸን ሂድ» አሉኝ አጎቴ። «ስትወድቅ የሚይዛት ይፈለጋል። ያችን ስልክህንም እስከ ነገ ያዝ አድርጋት፤ ምንም እንዳትጽፍባት።»

«እሺ አጎቴ፣ እከተላችኋለሁ» አልኩ። አልኩ፤ ወደ ጉብታው ግን ወጣሁ።

ብሎግ ያለው ሁሉ ስለ እኛ ይጽፍ ነበር። አንዱ የሌላ አገር ናዳ ፎቶ ለጥፎ የእኛ ነው ይላል። ሌላው መንደሩ በሙሉ አልቋል ይላል። ሌላው ደግሞ ላላየው ነገር የልቅሶ ግጥም ገጥሟል። ተናደድኩ። ግን ንዴት ብቻ ነበር? አልነበረም። ጭቃው ከጥፍሬ ያልወጣው እኔ ነኝ፤ እውነቱ በእኔ ስም እንዲወጣ ፈለግሁ። የሟቾቹን ስም ከነአባታቸው ጻፍኩ። የአያ ሞላ አስከሬን የት እንደተገኘ፣ ከየትኛው ዋርካ ሥር፣ ጻፍኩ። አንድም አልተሳሳትኩም። ስንዱን ረሳኋት? አልረሳኋትም። ገበያ ላይ ናት፣ አታየውም አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ።

አየችው። ሽማግሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ፣ በገበያው መሐል ወደቀች፤ ድንጋይ ግንባሯን ፈነከታት። ውሃ የረጩባት የማያውቋት ሰዎች ናቸው።

አጎቴ ሲመለሱ አልተቆጡኝም። መሬት መሬት እያዩ «ስትነግራት ማን ያዛት?» ብቻ አሉኝ።

ለአርባው ስንዱ መጣች። ጠባሳው ከቅንድቧ በላይ ነበር። የምላትን አሰናድቼ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ያን ቀን ሁሉም አለቁ የሚለውንም አንብቤው ነበር» አለች። «ውሸታም ብዬ ሽንኩርቴን መመዘን ቀጠልኩ። ያንተን ሳይ ግን አመንኩ።»

እኔም እንደ ሌሎቹ ውሸታም ብሆን ኖሮ፣ ያችን አንዲት ሌሊት አባት ይኖራት ነበር።

ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ። ማጥፋቴ ለማን ይጠቅማል? አሁን ኔትወርክ በየቤቱ ይሠራል፤ ጉብታው ላይ የሚወጣ የለም። እኔ አንዳንዴ እወጣለሁ። ድንጋያችን እዚያው ናት። ከታች ማሳው የነበረበት ቦታ ቀይ አፈር ነው። ገብሱ አሸተ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝም የለም።

ማሪኝ አላልኳትም። ካልኳት ትምረኛለች፤ አያ ሞላ ያሳደጓት እንደዚያ ነው። አንተም ቶሎ አትማረኝ። አብረኸን ሂድ ተብዬ ነበር። አልሄድኩም።