የወለተሩፋኤል ሴቶች

የአለቃ ሐብተ ማርያም ልጅ ወለተሩፋኤል፣ ሥዕል በደሟ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሴት ሆና ተወለደች! አባቷ የጎንደርን ደብሮች ሲሥሉ ቀለም እየበጠበጠች ያደገችው እሷ ናት፤ ብሩሹን ግን ንክች አታደርግም።

ጣሊያን ሲወጣ አንዲት ጣሊያናዊት ጥላው የሄደችው የፋሽን መጽሔት ጎንደር አራዳ ላይ ባዬ በሚባል ልብስ ሰፊ እጅ ገባ። ደንበኛው ሁሉ ሲገልጠው ተበጫጨቀና ባዬ "እስቲ በትልቅ ወረቀት ገልብጪልኝ" ብሎ ወለተሩፋኤልን ለመናት። ጉድ እኮ ነው! ጠጉራቸው ጆሯቸው ሥር የተቆረጠ፣ ቀሚሳቸው ጉልበት ላይ የቀረ፣ ወደ ጎን የሚያዩ ቀጫጭን ሴቶች። መጽሔቱ የሃያ ዓመት አሮጌ ነበር፤ ለጎንደር ግን ትኩስ ነው። የሹማምንት ሚስቶች "እንደዚች አርገህ ስፋልኝ" ይሉ ጀመር። ወለተሩፋኤልም ጠጉሯን ተቆረጠች።

አለቃ ሰምተው ሱቁ ድረስ መጡ።

"ዳሌ የላት፣ ጡት የላት፣ ጠጉር የላት! ይቺን ሴት ናት ብለሽ ነው የሣልሻት?" አሉና ከቤታቸው አስወጧት። ሰባት ዓመት አላነጋገሯትም። ሰው እጇን ቢያደንቅም የምትፈልገው ከአባቷ አፍ "ሸጋ ነው" የሚለውን መስማት ብቻ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት አለቃ አልጋ ያዙ። እጃቸውም ብሩሽ መያዝ ተሳነው። ጎረቤታቸው ታየች መጥታ "ለራስጌዬ እመቤታችንን ትሣልልኝ ብለዋል" ስትላት፣ ወለተሩፋኤል እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሳምንት ሙሉ እየጾመች ሣለች።

አለቃ ሥዕሉን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

"እጅሽ ሸጋ ነው" አሉ። "ምነው ግን ልጄ፣ እመቤቴ አላየችኝም?"

ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው። የሱቅ ሴቶችን ሲሥል የከረመ እጇ እመቤታችንንም ወደ ጎን አዙሯታል፤ የምትታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ አንድ ዓይን የይሁዳና የሰይጣን ነው። ይህን የአለቃ ሐብተ ማርያም ልጅ ስታ!

"አስተካክላለሁ አባዬ፤ ነገ ይዤ እመጣለሁ" አለች እያለቀሰች።

"ተይው ልጄ፤ ደክሞሻል" አሉ።

አልተወችውም። ሌላ ወረቀት ወጥራ እንደገና ሣለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ በሁለት ዓይኗ ቀጥ ብላ የምታየውን እመቤት ይዛ ስትደርስ፣ ታየች የአለቃን ዓይን ከድናላቸው ነበር።