ቀኝ እግሬን ያስቀደምኩበት ምት

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ኢገን የምትባል የፈረንጅ አገር ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ራግቢ የሚባለውን ጨዋታ ያስተዋወቀኝ እዚያ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ ኒውዚላንዳዊ ነው። በምሳ ሰዓት ኳስ ስጠልዝ አይቶኝ፣ የቡድናችን መቺ ተጎድቷልና ቅዳሜ ካልመጣህ ብሎ ነዘነዘኝ። ጉልበቱ ስላለቀ ያ ጨዋታ ለእሱ የመጨረሻው ነበር፤ ተጋጣሚያቸውን ደግሞ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ባለቤቴ «ዴይ ኦፍህን ለሰው ጨዋታ ዌስት አድርገው!» ብላ ተቆጣች። ሄድኩ።

የምመታው ምት ኮንቨርዥን ይባላል። ለምን እንደተባለ ስጠይቀው ሥራ አስፈትቶ አስረዳኝ። ድሮ ኳሷን ከተጋጣሚው ጎል መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነጥብ አልነበረውም፤ የሚያስገኘው ወደ ጎል አንዴ ሞክሮ የመምታት መብት ብቻ ነበር። ምቱ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ከአግዳሚው በላይ ካለፈ፣ ሙከራው ወደ ጎል ተለወጠ ይባላል። ስሙም ከዚያ መጣ፤ ኮንቨርዥን መለወጥ ማለት ነው። ዛሬ ማስነካቱ አምስት ነጥብ አለው፣ ምቱ ሁለት ይጨምራል። የአንዱ ልፋት በሌላው እግር መወሰኑ ገረመኝ።

ቅዳሜ፣ ሲዋርድ የሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ ሜዳ፣ በስድስት ነጥብ እየተመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ እሱ ራሱ ሦስት ሰው እየጎተተ ገብቶ አስነካ። አንድ ነጥብ ቀረን። ከንፈሩ ተሰንጥቆ እየደማ ኳሷን ሰጠኝና «በል፣ ያንተ ናት» አለኝ።

ደሴ ቅጣት ምት ስመታ ልማድ ነበረኝ፤ ቀኝ እግሬን አንድ እርምጃ አስቀድሜ ቆም እላለሁ፣ «ቢስሚላህ» ብዬ እሮጣለሁ። እንደዚያው አደረግኩ። ቃሉን ሳልጨርስ፣ ጎል መስመራቸው ላይ የቆሙት አሥራ አምስት ሰዎች እየጮሁ ተለቀቁብኝ! ክው ብዬ ቀረሁ። ስንለማመድ ፊቴ የቆመ ሰው አልነበረም። ሊመታ የቆመ ሰው ላይ ይሮጣል እንዴ? ዳኛውን አየሁት፤ ጭራሽ ሰዓቱን ያያል! ደንግጬ መታሁ፤ ኳሷ የመጀመሪያው ሰውዬ ደረት ላይ አረፈች። ፊሽካው ተነፋ። ተሸነፍን።

ደንቡን ያኔ ነገሩኝ። መቺው ለመምታት ከተንቀሳቀሰ መሮጥ ይፈቀድላቸዋል፤ ያስነሳቸው ቀኝ እግሬ ነው። ኒውዚላንዳዊው ወደ እኔ ሲመጣ፣ ይሰድበኛል ብዬ የምመልሰውን ስድብ አዘጋጀሁ። እሱ ግን ደሙን እየጠረገ ትከሻዬን ያዘ።

«ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። «የስሙን ታሪክ ስተርክልህ፣ እንደሚመጡብህ ሳልነግርህ ቀረሁ።»

ያዘጋጀሁትን ስድብ ዋጥኩና በማሊያዬ ጫፍ የከንፈሩን ደም ጠረግኩለት።