የስለቱ ዣንጥላ

ልጅ ሳለሁ፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ ማግስት ቤታችን የመንገደኛ ቤት ይሆን ነበር። መንደራችን ከላሊበላ የጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ናት። መስከረም ሃያ አንድን ግሸን ማርያም ለማክበር ያሰበ ሰው በአሥራ አራት መነሳት ነበረበትና፣ በእነዚያ ቀናት ስንቅ የማይሰናዳበት ቤት አልነበረም። ያኔ መኪና አልነበረም ማለቴ አይደለም። መኪናማ ነበር፤ ግን በእግር ያልተሄደ ግሸን ግሸን አይደለም የሚል እልኸኛ ሕዝብ ነው የእኛ ሰው። እኔም ከዚያው ነኝ።

የተጓዦቹ መሪ አያ ሞላ የሚባሉ ጎረቤታችን ነበሩ። ግሸንን ስንት ጊዜ እንደረገጡ ራሳቸውም አያውቁትም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተጓዡ ሁሉ ከረጢቱን አንጠልጥሎ እኛ ቤት ይሰበሰባል። የወይራው ፍም ቀልቶ፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ሆኖ ጥቁር ጭሱን ወደ ጣሪያው ሲልክ፣ አያ ሞላ ቁርበቱ ላይ ተደላድለው «በሉ አምጡ» ይሉና የእያንዳንዱን ሰው ከረጢት ገልብጠው ይዘረግፉታል። ወደ ከረጢት የሚመለሰው ዕቃ ተረት አለው፤ የሚቀረውም ተረት አለው። ያለ ተረት የተመለሰ ክብሪት እንኳ አላስታውስም።

«መስከረም ጠባ ብላችሁ እንዳትሞኙ» ይላሉ። «ክረምት ሲሄድ ጅራቱን ደላንታ ላይ ጥሎ ነው የሚሄድ።»

ከዚያ ያ ጅራት የገረፋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ያመጡልናል። በሶውን በነጠላ ጨርቅ ቋጥሮ የወጣ ሰው ነበር፤ ዝናቡ ጀርባው ላይ በጥብጦለት የመንደሩ ውሻ ሁሉ ከኋላ ከኋላው እየላሰ ሸኘው። ስለዚህ በሶ በስልቻ። ለበዓሉ የተገዛ አዲስ ጫማ አድርጋ የወጣች ሙሽራ ነበረች፤ በሦስተኛው ቀን ባሏ አዝሏት ገደል ወረደ፣ አማቷም ያን ጊዜ የጀመሩትን ሣቅ እስኪሞቱ አላቆሙም። ስለዚህ ያረጀ ኮንጎ፣ እግር የለመደው። ክብሪቱን ኪሱ የከተተ ደግሞ ነበር፤ እሱ ጥሬ ሽሮ ቅሞ አደረ። እኛ ልጆች በሣቅ ስንንፈራፈር፣ ምን በምን እንደሚጠቀለል፣ ምን ከላይ ምን ከታች እንደሚገባ ሳይታወቀን እንማር ነበር።

ዣንጥላ ሲወጣ ግን ሣቁ ይቆማል። እኛ ዘንድ ለታቦት የተሳሉት ዣንጥላ ከተገዛበት ሰዓት ጀምሮ የታቦቱ ነው። ዝናብ ቢወርድ፣ ፀሐይ ቢያቃጥል፣ ተሸካሚው ራሱ ላይ አይዘረጋውም። ይህን የጣሰ አንድ የመቄት ባለስለት ነበር ይላሉ አያ ሞላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዶፍ ሲይዘው ከፍቶ ተጠለለበት። ሲያባራ ሊያጥፈው ቢል ክንዱ አልታጠፍ አለ፤ እንደተዘረጋ ኖሮ እንደተዘረጋ ተቀበረ። እኔ ያኔ መቃብሩን እንዴት አድርገው ቆፈሩለት እያልሁ እጨነቅ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ባለስለቶቹ እኛው ሆንን። በስድስት ዓመቴ ሳንባ ምች ይዞኝ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ እናቴ «ይህችን ካተረፍሽልኝ በገዛ እግሯ አምጥቼ አሳይሻለሁ፤ ዣንጥላም አስገባለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ዣንጥላው ከላሊበላ ገበያ ተገዛ፤ ቀይ ነው፣ ዙሪያውን ቢጫ ዘርፍ አለው። እኔ ተርፌያለሁ፤ ደረቴ ግን ደኅና አልነበረም፣ ብርድ ሲነካኝ ያፏጫል። ስለዚህ እናቴ አንድ ወፍራም ላስቲክ ፈልጋ አገኘችልኝ፤ ከራሴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚያለብሰኝ። አባቴ ከብቶቹን ትቶ መሄድ ስላልቻለ የምንሄደው ሁለታችን ነበርን።

አያ ሞላ ከረጢቴን ሲዘረግፉ ላስቲኩን አገኙት። በኩራዙ ብርሃን አገላብጠው አዩት።

«ይህማ ለስለቱ ነው» አሉና ዣንጥላውን በላስቲኩ ጥቅልል አድርገው በሲባጎ አሰሩት።

«ለልጅቱ ብዬ ነው እኮ፣ አያ ሞላ» አለች እናቴ።

«ስለት ይቀድማል፣ ልጄ። ለእሷ ጋቢ አለላት አይደል?»

እናቴ ጋቢዬን አጥፋ ከረጢቴ ውስጥ ከተተች። የተቀመጠው ሁሉ ልክ ነው አለ፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ልክ መስሎኝ ነበር።

መስቀልን ዋድላ ዋልን። ገደሉን ወርደን፣ ወጥተን፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የገብሱ ማሳ በነፋስ እያረገደ፣ ሰው ሁሉ እየዘመረ ነበር። ከቀትር በኋላ አንድ ጥቁር ደመና ከበላያችን ቆመ። ዝናብ ነው ስንል በረዶ ሆነ፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህል። በዚያ ሜዳ ላይ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። ጋቢዬ ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ደረቴ ማፏጨት ጀመረ፤ ከዚያ ማፏጨቱም ቀረና አየር አጣሁ።

እናቴ ተንበረከከች። ሲባጎውን በጥርሷ ስትበጥስ አየኋት። እርጥቡን ጋቢ ከላዬ አውልቃ ላስቲኩን አለበሰችኝ። አያ ሞላ ከፊት ሮጠው መጡ።

«ላስቲኩስ ይሁን! እንዳትከፍችው፣ አንቺ ሴት!»

ከፈተችው። ቀዩ ጨርቅ ከራሴ በላይ ሲዘረጋ በረዶው ከበሮ ይመታበት ጀመር። አያ ሞላ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

«ጉድ አፈላሽ! የእመቤቴን!»

«አያ ሞላ፣ ይስሙኝ» አለች እናቴ። በአንቱታ ነው የተናገረችው፤ ድምፅዋ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የማላውቀው ነበር። «እሷ ራሷ ልጇን ታቅፋ በረሃ ለበረሃ የተንከራተተች እናት ናት። የተሳልሁላትን ልጅ ሜዳ ላይ ጥዬ ደረቅ ዣንጥላ ብወስድላት፣ በምን ዓይኗ ታየኛለች? ኃጢአት ከሆነ የእኔ ነው። እርስዎ መንገድዎን ይሂዱ!»

ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ «አብሽሪ፣ ተንፍሺ፣ ቀስ ብለሽ» አለችኝ። ተነፈስሁ።

በረዶው ሲያባራ የዣንጥላው አንድ ሽቦ ተሰብሮ፣ ጨርቁ በአንድ ጎን ተቀዶ፣ ቀለሙ ለቅቆ የእናቴን ነጠላ አቅልሞት ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ከእኛ ጋር እኩል አልሄደም፤ ወይ ይቀድሙናል፣ ወይ ወደ ኋላ ይቀራሉ። የዚያን ዕለት ባሳደሩን ሰዎች ቤት እሳት ዙሪያ ስንቀመጥ አያ ሞላ ተረት አላወሩም። እኔ ሌላውን ሁሉ ትቼ የእናቴን ቀኝ ክንድ ስጠብቅ አመሸሁ። ነቃችብኝ መሰለኝ፣ በዚያው ክንዷ ሦስት ጊዜ አጎረሰችኝ። ሦስተኛውን ጉርሻ ሳላላምጥ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የግሸንን አቀበት በገዛ እግሬ ወጣሁ። ስለት መቀበያው ዘንድ ስንሰለፍ አያ ሞላ ከቀናት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን አናገሯት። አጥፈሽ ስጪ፣ ሰው አይይብሽ አሏት፤ ለእሷ አዝነው እንደነበር አሁን ይገባኛል። እሷ ግን ተራዋ ሲደርስ ካህኑ ፊት የተሰበረውን ዣንጥላ ዘረጋችው።

«አባቴ፣ መንገድ ላይ ልጄን አስጠልዬበታለሁ። ከተቀበሉኝ ይኸው። ካልተቀበሉኝ ግን ሌላ አላመጣም፤ ልጅቱንም አምጥቻታለሁ።»

እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨበጥሁ፤ መልሳችሁ ውሰዱት ልንባል ነው ብዬ ነበር። ካህኑ ቅዳዱን በጣታቸው ለኩት፣ የተሰበረውን ሽቦ አቃኑት፣ እኔን አዩኝ።

«ይሰፋል» አሉና ከሌሎቹ ዣንጥላዎች ጋር ደረደሩት። ከዚያ የሚቀጥለውን ባለስለት ጠሩ።

አያ ሞላ ይቅርታ አልጠየቁም። እናቴም አልጠየቀችም፤ ደግ አደረገች። በዓመቱ ግን እንደ ልማዳቸው ቁርበቱ ላይ ተቀምጠው ከረጢት ሲዘረግፉ፣ በሶውንም ሙሽራዋንም አመጡልን እንጂ የመቄቱን ሰውዬ ሳያነሱት አለፉ። እኔም አላስታወስኋቸውም።

ዛሬ ኑሮዬ ላሊበላ ከተማ ነው፤ ሥራዬም እንግዳ ማሳረፍ ነው። መስከረም ሲጠባ የሰፈሬን ተጓዦች ከረጢት የምዘረግፈው እኔ ነኝ። ሴት ደግሞ ከመቼ ወዲህ መንገድ መራች የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ከአያ ሞላ የሰማሁትን ተረት ሁሉ እተርካለሁ፣ አንዱን ብቻ ቆርጬ ጥየዋለሁ። ስለት የተጠቀለለበት የልጅ ላስቲክ ካገኘሁ ደግሞ ባለቤቱ ዓይን እያየ ፈትቼ ለልጁ እመልሳለሁ። «አትፈሪም፣ አንቺ ሴት?» ይሉኛል። እፈራለሁ እንጂ። እመቤቴን እፈራታለሁ፣ እወዳታለሁም፤ ግን ደረቅ ዣንጥላ አጥታ አታውቅም።