ልጄ የጠራቻቸው ሽማግሌዎች

በቬጋስ አየር ማረፊያ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ። ሳንባዬ ላይ ካንሰር ሲገኝ እንኳ ሆስፒታል ውስጥ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ብያለሁ። ገፊ ነኝ፣ ተገፊ አልሆንም።

በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጠኝ መድኃኒት የገዛ ሰውነቴ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነሳሳ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲቲ ስካን ስነሳ ዕጢው አድጎ ታየ። ሐኪሟ ግን አልደነገጠችም። ዕጢው ራሱ አድጎ ይሁን ወይስ ካንሰሩን ሊዋጉ የገቡት የሰውነቴ ሴሎች አብጠውት፣ ምስሉ አይለይም አለችኝ። ስለዚህ ደም ተቀዳ። ከዕጢው ወደ ደሜ የሚገቡት የካንሰር ብናኞች ሕክምናው ሲጀመር ከተለካው ከቀነሱ በዚሁ እንቀጥላለን፤ ከጨመሩ ወደ ኬሞ እንዞራለን።

ይቀንሳል ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ሳሉ ለቆኛል፣ ምግብም ይበላልኛል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ውጤቱ የሚመጣው በልጄ ስልክ ነበር። እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ አብራኝ የምትኖር፣ ሐኪም ቤት የምታስተረጉምልኝ እሷ ናት።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት፣ በካዚኖ ዩኒፎርማቸው ላይ ነጠላ ያጣፉ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሽማግሌ በዚህ ሰዓት የሚመጣው መርዶ ይዞ ነው። እኔም በስንት ሰው ደጅ እንዲሁ ቆሜያለሁ። የበሩን መቃን ያዝኩ፤ ያ ሁሉ ጉራ የት እንደገባ እንጃ።

ታላቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ ልጄ፣ ሁላችንም እንግዶች ነን…» ብለው ጀመሩ።

ልጄ በፒጃማዋ ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጥታ ሽማግሌውን አቋረጠቻቸው። «ኖ፣ ኖ፣ አባባ! ቀንሷል! አባዬ፣ በጣም ቀንሷል! ዶክተሯ በዚሁ ኮንቲኒው እናደርጋለን ብላለች!»

«ታዲያ ሽማግሌ ምን አመጣው?» ብዬ ጮህኩባት።

እንባዋ መጣ። «ሪዛልቱ የመጣው ትናንት ማታ አንተ ከተኛህ በኋላ ነው። እነሱን ለዛሬ የጠራኋቸው ግን ሰኞ ነው። መጥፎ ከሆነ ብቻዬን ልነግርህ አልችልም ብዬ። ከዛ ደግሞ ሽማግሌ እንዴት ካንስል እንደሚደረግ አላወቅኩም።»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅኩም። ከሰኞ ጀምሮ በየቁርሱ «ይቀንሳል፣ ታያለሽ» ስላት፣ «አውቃለሁ አባዬ» ትለኝ ነበር።

ወንበር ስባ አቀረበችልኝ። ሳልከራከር ተቀመጥኩ።