ከሽቦው በታች የቀረችው ንግሥት

ባለፈው ሰሞን ቡራዩ ላይ፣ የብረታ ብረት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ፣ ቀጫጭን ሽቦዎች ተጠጋግተው የተደረደሩበት አራት ማዕዘን ነገር ተሰቅሎ አየሁ። ባለሱቁ ዓይኔን ተከትሎ፣ «እናት፣ ለሥጋ መጥበሻ አሪፍ ነው፤ ልጠቅልልሽ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ያንን ነገር የማውቀው ሱሉልታ፣ በወላጆቼ ጓሮ፣ በንብ ቀፎ ውስጥ ነው።

ልጅ ሳለሁ ከባቄላው መደብ አጠገብ አንድ የሣጥን ቀፎ ነበረን። ንቦቹ እናቴ ስትዳር አባቷ ከነቀፏቸው የሰጧት ናቸው። አያቴ ከሞቱ በኋላ ከእሳቸው የቀራት ነገር ቢኖር እነሱ ብቻ ነበሩ። አባዬ ከሸምበቆው ቀፎ ወደ አዲሱ ሣጥን ሲያዛውራቸው፣ እናቴ ከኋላው ቆማ «ቀስ፣ ቀስ» ስትል ዋለች።

ሣጥኑ ሁለት ፎቅ ነው። ታች ንግሥቲቱ እንቁላል ትጥላለች፣ ላይ ማር ይሞላል። በመካከላቸው የንግሥት ማገጃው ሽቦ ይጋደማል። ሠራተኞቹ ንቦች ሾልከው ያልፋሉ፤ ንግሥቲቱ ግን ወፈር ስለምትል አያሳልፋትም። ስለዚህ ማሩ ውስጥ እጭ አይገኝም። የመጀመሪያው ማር ሲቆረጥ ነጭ ነበር፤ ሰሙ ጥርሳችን ላይ እየተጣበቀ እስኪመሽ አኘክነው። አባዬ በሽቦው ኮራ። ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራለት ጀመር።

ክረምት ሲገባ ንቦቹ እንዳይራቡ ብሎ ግማሹን ማር ላይኛው ሣጥን ውስጥ ተወላቸው። ንግሥቲቱ ወጥታ ማሩን እንዳታበላሽ ደግሞ ሽቦውን አላነሣም። በደግነትም በጥንቃቄም ያደረገው ነበር።

እኔ ፈሪ ልጅ ነበርኩ። ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ የወንዙን ሙላት እፈራለሁ፣ ንቦቹ እንዳይሞቱም እፈራለሁ። በዚያ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ፣ በየጠዋቱ ጆሮዬን ሣጥኑ ላይ ለጥፌ ድምፃቸውን ሳልሰማ ቁርስ አልቀምስም። እርጥቡ እንጨት ሰም ሰም ይሸታል። አንድ ጠዋት ታችኛው ሣጥን ጭጭ አለ። ጉምጉምታው ከላይ ብቻ ነበር።

እየሮጥኩ ገብቼ «ታችኛው ሣጥን ድምፅ የለውም!» አልኩ። ታላቅ ወንድሜ፣ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ? ጉንፋን ያዛቸው?» ብሎ ሳቀ። አባዬ ግን ቆሎውን አስቀመጠ። «ትፈራለች እንጂ አትዋሽም» ብሎ ጋቢውን ጣል አድርጎ ወጣ።

ጓሮ ሲደርሱ እናቴና አባቴ መከራከር ጀመሩ። አያቴ «ንብ ጠብ ካለበት ቤት አትቆይም» ይሉ ስለነበር፣ እዚያ ጓሮ የሚከራከሩት በሹክሹክታ ነው። «በዚህ ብርድ ከፍተህ ልትፈጃቸው?» ትላለች እናቴ፣ እንባዋ እየመጣ። «ካልከፈትኩትስ?» ይላል እሱ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ በአጥሩ ብቅ ብለው፣ «ኦቦ በቀለ፣ ክረምት ቀፎ ይከፈታል እንዴ?» አሉ። «ልጄ በጆሮዋ ሰምታለች፤ እኔም አምኛታለሁ» አላቸው አባዬ።

ዝናቡ ጋብ ሲል የኩበት ጭስ ለቀቀባቸው። እኔ ጃንጥላ ያዝኩ። ንቦቹ ተጠቅልለው ማሩ ላይ ሰፍረዋል። ሽቦውን ሲያነሣው፣ ከሥሩ ንግሥቲቱ ከጥቂት ንቦች ጋር ኩርምት ብላ ተገኘች። ልጆቿ ሙቀታቸውን ይዘው ወደ ምግቡ ወጥተዋል፤ እሷን ማገጃው አስቀርቷታል። እናቴ፣ «እኔን!» አለች። አባዬ ንግሥቲቱ ያለችበትን የሰም እንጀራ አውጥቶ ላይ ከንቦቹ መሀል አስገባው፣ ከደነውና ሽቦውን ከግድግዳው አስደገፈው። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አላት፣ አሁንም በሹክሹክታ።

ለመስከረም አደዩ ሲፈነዳ ንቦቹ እግራቸውን በብጫ ዱቄት አሽሞንሙነው ሲገቡ ሲወጡ አየን። እናቴ ባቄላው ውስጥ ቆማ አባቷን ስትመርቅ ሰማኋት።

ዛሬ የምንኖርበት ግቢ ጓሮ የለውም፤ ተከራይ በተከራይ ላይ ነው። ፍርሃቴም አለቀቀኝም። ጋዙን ሳልዘጋው ወጣሁ ብዬ ከታክሲ ወርጄ ስመለስ ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ብዙ ነገር አላውቅም፤ ግን ስፈራ የሚነሣልኝ አባት ነበረኝ። ለዚህ ፈጣሪዬን ሳላመሰግን አልተኛም።

በቀደም ትንሿ ልጄ ሕፃኑ ወንድሟ ከተኛበት መጥታ፣ «እማዬ፣ የማሙሽ ትንፋሽ ድምፁ ልክ አይደለም» አለችኝ። እህቶቿ «አንቺም እንደ እማዬ ልትሆኚ ነው!» ብለው አሽካኩባት። እጄን ከሊጡ መዝዤ ተነሣሁ። ሄጄ ባዳምጠው አፍንጫው ተዘግቶ ኖሯል፤ ሌላ ምንም የለም። ልጄ በኀፍረት አቀረቀረች። አገጯን ቀና አድርጌ፣ «ነገም እንደዚህ ከሰማሽ ጥሪኝ» አልኳት።