ባሕረኛው አባቴና ፊሽካው

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር መንገድ ላይ የቆመ ትራፊክ ፊሽካ ሲነፋ፣ ዘንቢል እንዳንጠለጠልኩ እጄ በራሱ ይጨበጣል። የሚሳብ ገመድ የለም፤ እጄ ግን ገመድ ይፈልጋል። ይህን ለማንም አስረድቼ አላውቅም።

አባቴ ባሕረኛ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል መርከብ አገልግሎ ሲሰናበት፣ እናቴን አግብቶ፣ ባሕር በዓይኑ ያየ ሰው ወደማይገኝበት ወደ ጅማ አገር መጣ። መጀመሪያ ሊሙ ገነት የቡና መፈልፈያ ሞተር ያንቀሳቅስ ነበር፤ ሞተሩ ሲሸጥ አሰንዳቦ መንገድ ዳር ቤት ተከራይቶ፣ መርከብ ላይ በተማረው ስፌት የጭነት መኪና ሸራ መስፋት ጀመረ። ሰው ሁሉ ስሙን ትቶ «ባሕረኛው» ይለው ነበር።

በበጋ ቡና የጫኑ መኪናዎች ሲበዙ ሥራው ፋታ አይሰጥም ነበር። እኔና ታላቅ እህቴ ጥሩነሽ፣ ሸራው እንዳይጨማደድ ጫፉ ላይ የታሰረውን ገመድ ይዘን እንወጥር ነበር። አባባ ሁለት እጁ ስለሚያዝ ከመርከብ ያመጣውን ፊሽካ በጥርሱ ነክሶ ያዝዘን ነበር፤ አንድ ረጅም ሲነፋ እናላላለን፣ ሁለት አጭር ሲነፋ እንስባለን። ከተሳሳትን ፊሽካውን ከአፉ ያወጣና «እናንተን ይዤ ቢሆን፣ መርከቡ እስከ ዛሬ ወደብ ላይ ነበር» ይል ነበር።

እኔ ብቻ የማውቀው አንድ ነገርም ነበረው። ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ፣ ወንዝ ስንሻገር፣ እኔን የያዘበት እጁ በላብ ይርስ ነበር። አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳየው፣ «ባሕር ያንሳፍፋል፤ ወንዝ ግን ይወስዳል» አለኝ። ለእማዬ እንዳልነግራት አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ክረምት ገብቶ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝ ሲያጉረመርም፣ ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ እስብ ነበር።

በአንዱ ክረምት የወንዙ ድልድይ ተጎድቶ፣ መኪናዎች ከበታቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ይሻገሩ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጎረቤታችን ቡና ነጋዴው አባ ፎጊ እየሮጡ መጡ።

«ባሕረኛው የት አለ? ድንቁ ወንዙ መሀል መኪናው ላይ ቀርቷል፤ ውሃው እየሞላ ነው!»

ድንቁ የአባባ ደንበኛ የሆነ ሾፌር ነበር። አባባ መርፌውን እንደያዘ ወደ ወንዙ አቅጣጫ አየ። ከደጅ አንዱ፣ «ምነው ባሕረኛው፣ የእናንተ ባሕር በወሬ ነው እንዴ የሚዋኘው?» ብሎ ሲስቅ ሰማሁ። አባባ ተነሣ፣ ገመዱን ጠቀለለ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አጠለቀ። ወደ እኔ አላየም፤ እኔና ጥሩነሽ ግን ተከትለነው ወረድን።

ወንዙ ቡናማ ሆኖ ግንድ ይዞ ይወርድ ነበር። አባባ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ሌላውን ጫፍ ዳር ለቆሙት ወንዶች ሰጠና ገባ። የፊሽካውን ትእዛዝ ግን አልነገራቸውም፤ ገመድ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎት ይሆናል። ውሃው ወሰደው፣ መለሰው፣ እንደምንም መኪናው ጋ ደረሰና ድንቁን ከራሱ ጋር አሰረ። በዚያው ቅጽበት መኪናው ተንሸራተተና ሁለቱም ውሃ ውስጥ ገቡ።

ፊሽካው ተነፋ። ሁለት አጭር።

«ልቀቁለት! ገመዱ አጥሮት ነው!» አሉ አባ ፎጊ። ወንዶቹ ለቀቁ።

እንደገና ተነፋ፤ ሁለት አጭር፣ ግን ቀጠን ብሎ። ወንዶቹ ይበልጥ ለቀቁ። የአባባ ራስ ጠፋ። ጮኽኩ፤ ድምፁ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ሳቡ ነው! ሳቡ ነው የሚለው! ሀርኪሳ!» አልኩ፣ በኦሮምኛም ደግሜ።

«አንቺ፣ ዞር በይ ከዚህ!» አለኝ ከወንዶቹ አንዱ። ጥሩነሽ ግን ቃል ሳትናገር በመሀላቸው ገብታ ገመዱን ይዛ ወደ ኋላ ተለጠጠች፤ እኔም ያዝኩ። አባ ፎጊ እኛን አዩ፣ ወንዙን አዩ፣ ከዚያ «ሳቡ!» ብለው ጮኹ።

ሁለቱም በሕይወት ወጡ። አባባ ፊሽካውን ነክሶ እንደያዘ ነበር፤ እማዬ መንጋጋውን አሻሽታ ነው ያላቀቀችው። አባ ፎጊ «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ጭቃው ላይ ተቀመጡ፤ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «የአባትሽን ፊሽካ እኛ የት እናውቀዋለን፣ ልጄ?» አሉኝ።

እማዬ ፊሽካውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሜዳው በአደይ አበባ ሲሞላ ሸራ መስፋቱ ቀጠለ፤ አባባ ግን ከዚያ ወዲያ «ሳቡ»፣ «አላሉ» የሚለው በአፉ፣ በዝግታ ነበር። እኔ ሁለቱንም ስሰማ እደነግጥ ነበር። ለገና ወደ ጅማ ከተማ ተዛወርን፤ አባባ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት ማሽን አንቀሳቃሽ፣ ሲያረጅ የቡና መጋዘን ዘበኛ ሆነ። የሞተው አልጋው ላይ ነው። ስለዚያ ቀን ሲያወራ አልሰማሁትም።

አሁን የአሰንዳቦው ድልድይ ሰፊ ነው፤ አውቶቡሱ ሲሻገር ተሳፋሪው ስልኩን ያያል፤ ወንዝ መኖሩን ልብ የሚል የለም። የልጅ ልጄ ብቻ፣ «እማማ፣ እጅሽን ላብ አላበው፤ ምን ሆንሽ?» ትለኛለች።

«ምንም» እላታለሁ። እጇን ግን ማዶ እስክንደርስ አልለቅም።